ያልገለበጥኩት ፊልም

ፍኖተ ሰላም
ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለታናሽ እህቴ፤

እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽና ልጆችሽስ ደኅና ናቸው ወይ? ባለፈው ስትደውዪ ድምፅሽን አፍኖት የነበረው ጉንፋን ለቀቀሽ? እኔ ከጉልበቴ ሕመም በቀር ደኅና ነኝ፤ እግዚአብሔር የተመሰገነ ይሁን። እዚህ ዝናቡ በሰዓቱ ወጥቷል፤ ጤፉ እየታጨደ ነው። እናታችንን እስከ መጨረሻው ያስታመመቻት የአክስታችን የልጅ ልጅ ንግሥቴም ደኅና ናት። ከብቶቹን እየጠበቀች፣ የእናታችንን ቤት እየጠረገች እዚያው አለች። ሰላም በልልኝ ብላለች።

ከእኔ ደብዳቤ እንደማትፈልጊ ነግረሽኛል። በጥቅምት ደውለሽ «ፊልሙን ላክልኝ፤ ደብዳቤ አልፈልግም» ስትይኝ እሺ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ ወዲህ አራት ጊዜ ደውለሽ አላነሳሁም። ኔትወርክ አስቸግሮ አይደለም። እሺ ያልኩትን መፈጸም የማልችል ስለሆንኩ ነው። ፊልሙ የለም። ጠፍቷል፤ ያጠፋሁትም እኔ ነኝ። ይህን በመጀመሪያው ገጽ ላይ የጻፍኩት የቀረውን ሳታነቢ ብትጥዪው እንኳ ዋናው ነገር እንዲደርስሽ ብዬ ነው።

አሁን ከመጀመሪያው በቅደም ተከተል ልንገርሽ።

በጥር የጎረቤታችን የስመኘው ልጅ ሠርግ ነበር። ከጅጋ ሠርግ የሚቀርጽ ደረሰ የሚባል ሰው መጥቶ ቀረጸው። ከሠርጉ በኋላ ፊልሙ በቴሌቪዥን ሲታይ እናታችንም ተጠርታ ሄደች፤ እኔ ደግፌ ወሰድኳት። መጨረሻው ላይ የሙሽራዋ ወንድም ከሩቅ አገር የላከው ምርቃት ነበረበት። ልጁ ፊቱን አዙሮ በቀጥታ ለእህቱ ሲናገር እናታችን አፏን ይዛ ስታይ ቆየችና ክንዴን ነካ አድርጋ፣ «ይሄ ነገር አንባቢ አይፈልግም?» አለችኝ። እኔም ስቄ፣ ዓይንና ጆሮ ይበቃል፣ አንባቢም ጸሐፊም አያስፈልገውም ብዬ እንደ ተማሪዬ አስረዳኋት። እንግዲያ ጥሩ ነው አለች። የአሮጊት ጥያቄ መስሎኝ አለፍኩት።

ጆሮዋ ስልክ መስማት ካቆመ ሰባት ዓመት እንደሆነው ታውቂያለሽ። በስልክ «እንዲህ አለችሽ» የምልሽ እኔ ነበርኩ፤ ከዚያ በፊት ደግሞ በደብዳቤ።

በዳግማዊ ትንሣኤ ማግስት ደረሰን አስጠራችው። ማንን እንደላከችበት አልነገረችኝም፤ ንግሥቴ መሆኗን ኋላ ነው የሰማሁት። ደረሰ ካሜራውን በሦስት እግሩ ሲያቆም እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ነጠላዋን አስተካክል ነበር። ዘወር ብላ አየችኝና፣ «አንተ ውጣ። ዛሬ ጸሐፊ አልፈልግም» አለች። ደረሰ ሊያስቃት ፈልጎ፣ መምህርን ካስወጡ ማን ያርምዎታል አላት። ዛሬስ ሳልታረም ልናገር አለችው። ወጥቼ ከብሳናው ሥር ተቀመጥኩ። በሰዓቴ አርባ አንድ ደቂቃ ቆየሁ። ንግሥቴ ሁለት ጊዜ ስትስቅ ሰማሁ። ከዚያ በኋላ የሳቀ ሰው አልነበረም።

የደረሰ ኮምፒዩተር በዚያ ሰሞን ተበላሽቶበት ነበር። ስለዚህ ፊልሙን ከካሜራው ካርድ ወደ ፍላሽ ገልብጦ፣ ካርዱን ለሚቀጥለው ሠርግ አጸዳውና ፍላሹን ፍኖተ ሰላም ድረስ አምጥቶ ሰጠኝ። ያለው ይህ ብቻ ነው፣ ኮምፒዩተርዎ ላይ ይገልብጡት፣ ፍላሹ እስከ ሰኔ ድረስ አያስፈልገኝም፣ እርስዎ ጋ ይቆይ አለኝ። መንገዱ ሲከፈት በሰው እጅ እንድልክልሽ ነበር ሐሳቡ። ኢንተርኔቱ ያን ጊዜ አልነበረም።

ኮምፒዩተሬ አንድ ጽሕፈት ቤት ሲዘጋ የገዛሁት አሮጌ ነው። ፍላሹን ሰክቼ ፊልሙን ስከፍት ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ሥዕሉ ይቆምና ድምፁ ቀድሞ ይሄዳል። የእናታችን አፍ ሳይንቀሳቀስ ድምፅዋ ይሰማል። ከተማው ውስጥ የኮምፒዩተር ዕቃ የሚሸጥ ሰው ጠይቄ ራሙ አንሶ ነው አለኝ። ሁለት ጊጋ የነበረውን አራት ጊጋ አደረገልኝ። እዚህ ላይ የሠራሁትን ስሌት እንዳለ ልጻፍልሽ፤ ጥፋቱ ያለው እሱ ውስጥ ነውና። ፊልሙ ሦስት ነጥብ ስድስት ጊጋ ነው። ራሙ አራት ጊጋ ሆኗል። ከአራት ላይ ሦስት ነጥብ ስድስት ሲቀነስ ዜሮ ነጥብ አራት ይተርፋል። ስለዚህ ፊልሙ ይገባል፣ ቦታም ይተርፈዋል አልኩ። ሂሳቡ ልክ ነው፤ ሁለት ጊዜ ሠርቼዋለሁ። ልክ ያልሆነው ዕቃው የሚቀመጥበት ቤት ነው።

ራሙ ከተጨመረ በኋላ ፊልሙ ሳይንቀጠቀጥ ሄደ። ገብቷል ማለት ነው አልኩ። ከዚያ መገልበጥ በሚባለው መንገድ አስቀምጠዋለሁ ብዬ ከሚመጡት ትእዛዞች አንዱን መረጥኩ፤ ኮምፒዩተሩ ሲከፈት በሚታየው ገጽ ላይ የፊልሙ ትንሽ ምልክት ከነስሙ መጥቶ ተቀመጠ። ስሙንም ራሴ ነኝ የጻፍኩት፤ «የእናታችን ቃል» ብዬ። ያንን ምልክት ስጫነው ፊልሙ ተከፈተ። ላረጋግጥ ብዬ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየሁት። አንድ ጊዜ ሥዕሉን፣ አንድ ጊዜ ድምፁን። ሦስተኛ ጊዜ ሳይ ወረቀትና ብዕር ይዤ ነበር። አንድ መስመር አልጻፍኩም።

በማግስቱ ጠዋት ጅጋ ወርጄ ፍላሹን ለደረሰ መለስኩለት። ገርሞት ምን አስቸኮልዎት አለኝ። የሰው ንብረት ነው አልኩት። ኮምፒዩተርዎ ላይ አለ አይደል ብሎ ጠየቀኝ። አለ፣ ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ አልኩት። እሱም ከትከት ብሎ፣ እርስዎ አለ ካሉ አለ ነዋ፣ እኛን በነጥብ ሲቀጡን የኖሩ ሰው አለና ፍላሹን ኪሱ ከተተው። በዚያው ሳምንት አጽድቶ ሠርግ ጫነበት። አልፈርድበትም።

እናታችን በሰኔ አረፈች። መንገዱ ተዘግቶ ሳትደርሺ ቀረሽ። ያን ቀን ስደውልልሽ ንግሥቴ ስልኩን ከእጄ ወስዳ አብራችሁ ስታለቅሱ ስለ ፊልሙ እንደነገረችሽ ያወቅሁት በጥቅምት ስትጠይቂኝ ነው። ስልኩን ዘግቼ ኮምፒዩተሩን ከፈትኩ። ምልክቱ እንዳለ አለ። ስጫነው የተፈለገው ነገር አልተገኘም የሚል ጽሑፍ መጣ። አሮጌ ስለሆነ ጊዜ ይፈልግ ይሆናል ብዬ እስከ ምሳ ሰዓት ጠበቅሁት። እንደገና ስጫነው ያው ጽሑፍ መጣ።

የኮምፒዩተሩን ሣጥን በአንሶላ ጠቅልዬ በሚኒባስ ቡሬ ወሰድኩት። እዚያ ኮምፒዩተር የምትጠግን ሜላት የምትባል አለች፤ ሰባተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማርኳት ናት። ተቀበለችኝ፣ ወንበር ሰጠችኝ፣ ነገሩን በሙሉ ሰማችኝ። ሦስት ጊዜ ሙሉውን አይቼዋለሁ፣ እዚህ ውስጥ ካልነበረ ከየት መጣ ብዬ ተከራከርኳት። እሷም አልቸኮለችም። እርስዎ ሲያዩት ፊልሙ ፍላሹ ላይ ነበር አለችኝ። ኮምፒዩተሩ ከፍላሹ ጥቂት ጥቂት እያነበበ ራሙ ላይ ያወጣዋል፣ እርስዎ ካዩት በኋላ ያንን ትቶ የሚቀጥለውን ያወጣል። ሲዘጋ ራሙ ባዶ ነው። የሚቀመጠው ሃርድ ዲስኩ ላይ ነው፣ እሱ መብራት ቢጠፋም የያዘውን አይለቅም። የእርስዎ ሃርድ ዲስክ ደግሞ ከሁለት መቶ ጊጋ በላይ ባዶ ነው፣ እንዲህ ያለ ሃምሳ ፊልም ይይዝ ነበር አለች። እንዳልገባኝ ፊቴ ላይ አይታ ነው መሰለኝ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «መምህር፣ ራሙ ሰሌዳ ነው። ሃርድ ዲስኩ ደብተር ነው» አለችኝ።

ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ሰሌዳ ላይ ያለው የእናንተ አይደለም፣ ደብተራችሁ ላይ ገልብጡ ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። ለእሷም ብያታለሁ።

ከዚያ ምልክቱን አጉልታ አሳየችኝ። ከታች በስተግራ ጥጉ ላይ የጎበጠች ትንሽ ቀስት አለችበት። ይቺ ያለችበት ምልክት አድራሻ ብቻ ነው፣ ዕቃው ሌላ ቦታ ነው ማለት ነው አለች። ፍላሹ ተሰክቶ ሳለ አድራሻው ያደርሳል፤ ፍላሹ ሲነቀል የሚያደርሰው የለም። ለመገልበጥ ስል ሌላውን ትእዛዝ መርጬ ኖሯል። ያቺን ቀስት ሦስት ጊዜ ፊት ለፊቴ እያለች አላየኋትም።

ደረሰን ለምነነው ፍላሹን ላከልን። ሜላት የጠፋ የሚፈልግ ነገር ጭና ከጠዋት እስከ ማታ ደከመች። የወጣው ሌላ ሠርግ ነው፤ የማላውቃቸው ሰዎች እስክስታ ሲወርዱ። እናታችን ከነበረችበት ቦታ ላይ ሁለትና ሦስት ጊዜ ተጽፎበታል፣ አይመለስም አለችኝ። እስከ ሰኔ ይቆይ ተብዬ ሳለ ለምን በማግስቱ እንደመለስኩም ጠየቀችኝ። ለደረሰ የሰጠሁትን መልስ ሰጠኋት። ለአንቺ ግን ያ መልስ አይበቃም።

እህቴ፣ ነገሩ የራምና የሃርድ ዲስክ ብቻ ቢሆን ስልኩን አንስቼ እነግርሽ ነበር።

ከተዳርሽበት ቤት ወጥተሽ የሄድሽው በ1983 ነው። አባታችን በዓመቱ ሞተ። በ1985 የመጀመሪያው ደብዳቤሽ ከአርባ ምንጭ ደረሰን፤ መጨረሻው ላይ «እናቴ፣ ልምጣ ወይ?» የሚል ነበረበት። የአንቺን ደብዳቤዎች ሳነብላት አንድ ቃል ዘልዬ አላውቅም፤ ይህን እመኚኝ። የእሷን ስጽፍ ነው። ያን ቀን «ነይ በላት» አለችኝ። እኔ ደግሞ በመጀመሪያ ስለ አባታችን ሞት ይቅርታ ትጠይቅ፣ አንድ መስመር እንኳ ትጻፍ፣ ከዚያ ትምጣ ብዬ በልቤ ወስኜ ነበር። ስለዚህ «ለጊዜው ቆዪ፣ ሲመች እናሳውቅሻለን» ብዬ ጻፍኩ። እስቲ አንብብልኝ ስትለኝ «ነይ» ብዬ አነበብኩላት። ወረቀቱን እያየሁ፣ የሌለውን ቃል።

ሌላ ደብዳቤ ስትጽፊ እንደገና ልምጣ ወይ አልሽ። አነበብኩላት። ቀና ብላ አየችኝና እንደገና ነይ በላት አለችኝ። እንዲሁ ቀጠለ። አንድ ጊዜ ከተጀመረ በኋላ እንዴት እንደሚታረም አላወቅሁም፤ እውነተኛውን ቃል ብጽፍ የቀደመው ሁሉ ይገለጣል። ኋላ አንቺም መጠየቅ ተውሽ። ስትተዪ እፎይ አልኩ፤ ይህንንም ይኸው ጻፍኩልሽ።

አሁን ፊልሙ ላይ ያለችውን ልጻፍልሽ። ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሲቀረጽ በቦታው የነበሩት ንግሥቴና ደረሰ ናቸው፤ ንግሥቴ የመጀመሪያውን እንጂ የኋለኛውን አልሰማችም፣ እናታችን ውሃ ቅጂ ብላ አስወጥታታለች። ደረሰን ጠይቄው እኔ የማየው ብርሃኑን ነው፣ ወሬውን አልሰማሁም አለኝ። ስለዚህ ሌላ ምስክር የለሽም። ቃል በቃል የማስታውሰውን በጥቅስ ምልክት ውስጥ አድርጌዋለሁ። አላረምኩትም፤ እንዳለችው ነው።

መጀመሪያ እንዲህ አለች፦ «አንች ልጀ፣ እንደምን አለሽ። ይሄ ደረሰ የሚሉት ወደ መስታወቱ እይ ይለኛል። መስታወቱ ውስጥ የማየው እኔኑ ነው፤ አሮጊት። አንችን ላይበት ብል የታለሽ?» ከዚያ ስለ ጥርሷ አወራች። አራት ቀርተዋል፣ ሁለቱ ከሁለቱ ጋር አይገናኙም አለች። ንግሥቴ የሳቀችው እዚህ ላይ ነው። የሞቱትን ቆጠረችልሽ፣ ብዙ ናቸው፤ የተወለዱትንም። ዳለቻዋ ላም መውለዷን፣ የጓሮው ጌሾ በበረዶ መመታቱን ነገረችሽ። የልጆችሽን ስም አንድ በአንድ ጠራች፤ ሦስተኛው ላይ ትንሽ ቆማ አስታወሰችው። ይህ ሁሉ እስከ ሃያኛው ደቂቃ ግድም ነው።

ከዚያ ንግሥቴን ላከቻትና ጠጋ አለች። «አባትሽ በአንች አልሞተም። ሳንባው ነው የገደለው። ሐኪሙ ወረቀት ጽፎ ለወንድምሽ ሰጥቶታል፤ አንብቦልኛል። በንዴት ሞተ የሚልሽ ቢኖር ውሸት ነው። ይችን ይዘሽ አትኑሪብኝ።»

እውነት ነው። ወረቀቱ እኔ ጋ አለ፤ በዚህ ፖስታ ውስጥ ልኬልሻለሁ፤ ቀኑን ተመልከቺ። አንቺ ከመሄድሽ ስምንት ወር ቀደም ብሎ የተጻፈ ነው። ሕመሙ ቀድሞ የገባ ነበር። በ1985 ሰው ሁሉ አንቺን ሲያማ ይህ ወረቀት መጽሐፎቼ መሐል ነበር። አንድም ሰው አልጠየቀኝም፤ እኔም ከእናታችን በቀር ለአንድም ሰው አላሳየሁም።

ቀጥሎ ከሠላሳኛው ደቂቃ ወዲህ እንዲህ አለች፦ «ነይ ብየሻለሁ። ሰባት ጊዜ ብያለሁ፤ በፋሲካ በፋሲካው ቆጥሬ። ነይ ብየ ልኬ ሳለ ልምጣ ወይ የሚል ደብዳቤ ይመጣል። የመጀመሪያው ጊዜ መንገድ ላይ ጠፍቶ ነው አልኩ። ሁለተኛው ላይ ገባኝ። ቄስ ዘሚካኤልን ጻፉልኝ ብላቸው ይጽፉልኝ ነበር። ሦስት ጊዜ ደጃቸው ድረስ ሄጀ ተመልሻለሁ። ልጀን ሰው ፊት አላዋርድም ብየ ነው። አንችን በእሱ ለወጥኩ። የእኔ ጥፋት ይች ናት፤ ሌላው የእኔ አይደለም። አሁን በራሴ አፍ ልበልሽ። ነይ ልጀ። ብሞትም ነይ። ቤትሽ ነው።»

ይህ ሠላሳ ስድስተኛው ደቂቃ ላይ ያልቃል።

የቀረው አምስት ደቂቃ ስለ እኔ ነው። ስለ እኔ ለአንቺ የነገረችሽና ስለ እኔ አንቺን የጠየቀችሽ አለ። እሱን ደኅና አድርጌ አስታውሰዋለሁ፤ ከሁሉም በላይ የማስታውሰው እሱን ነው። ግን አልጽፈውም። እስካሁን የጻፍኩት ሁሉ በእኔ ላይ የሚመሰክር ስለሆነ ልታምኚው ትችያለሽ። ያ ግን እኔን የሚጠቅም ነው። ፊልሙ ቢኖር ከራሷ አፍ ትሰሚው ነበር፤ ከእኔ ብዕር ብትሰሚው ግን በቀደሙት የውሸት ደብዳቤዎቼ ላይ ሌላ አንድ ይጨመርብሻል። ስለዚህ እንደጠፋ ይቆጠር።

መንገዱ አሁን ተከፍቷል። ከደብረ ማርቆስ ወዲህ ያለው ደኅና ነው ይላሉ፤ ከመነሣትሽ በፊት ግን ጠይቂ። የቤቱ ቁልፍ ንግሥቴ ጋ ነው። መቃብሯ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ከምሥራቁ በር ስትገቢ በስተቀኝ ከአባታችን ጎን፤ ንግሥቴ ትወስድሻለች። የሙት ዓመቷ በሰኔ ነው፤ ድግሱን እነስመኘው እናግዛለን ብለዋል። በዚያ ሰሞን እኔ ፍኖተ ሰላም ቤቴ እቆያለሁ። ካላስጠራሽኝ አልመጣም። የእህቴ ቤት ነው ብዬ ለጎረቤቱ ሁሉ ነግሬያለሁ፤ ለምን እንደሆነም ነግሬያለሁ። ቄስ ዘሚካኤል አርጅተዋል፤ ለእሳቸውም ነገርኳቸው። ሰምተውኝ ሲያበቁ፣ እናትህ ደጄ ድረስ መጥታ ትመለስ እንደነበር አውቅ ነበር አሉኝ።

እመ ብርሃን ከነልጆችሽ በጥላዋ ትከልልሽ። ጉዞሽን ብትጀምሪ እግዚአብሔር መንገዱን ያቅናልሽ፤ ብትቀሪም ቤትሽን የሞላ፣ ልብሽን ያረፈ ያድርግልሽ። የእናታችንን ነፍስ ይማርልን።

ወንድምሽ